በምግብ ቤት በሚቀርበው ዓሣ ውስጥ ስለሚታየው ትል

በሐይቅ አጠገብ ያሉትን ከተሞች በሚያስተዳድሩ ሹማምንት ፊት አልፎ አልፎ አንድ ዓይነት አቤቱታ ይቀርባል። አንድ ሰው በምግብ ቤት ተቀምጦ የተጠበሰ ዓሣ ያዛል፤ ሥጋውን ከአጥንቱ በጣቱ ሲለይ የተጠቀለለ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ያገኛል፤ ክሩም ትል መሆኑን ባወቀ ጊዜ ሰሐኑን ይዞ ከባለቤቱ ጋር ይጣላል። ባለቤቱ «በስሏልና አይጎዳህም» ይላል፤ ተመጋቢው «መርዝ አበላኸኝ» ይላል፤ በአጠገባቸው የተቀመጠው ሦስተኛው ሰው ደግሞ «ትል አይደለም፣ የዓሣው ጅማት ነው» ብሎ በማያውቀው ነገር ይፈርዳል። ነገሩ ከሹሙ ዘንድ ሲደርስ ሹሙ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ስቆ ያሰናብታቸዋል፣ ወይም ተቈጥቶ ምግብ ቤቱን ይዘጋና ዓሣ በገበያ እንዳይሸጥ ይከለክላል። በመጀመሪያው ፍርድ ሕመም ሊስፋፋ ይችላል፤ በሁለተኛው ፍርድ ግን ምንም ያላጠፋው ዓሣ አጥማጅ ከነልጆቹ ይራባል። ስለዚህ ፈራጁ ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ያስፈልገዋል።

ለብዙ ሰው ትል ማለት የመበስበስ ምልክት ነው። ይህ አሳብ የመጣው በሸተተ ሥጋ ላይ ዝንብ ከምትጥለው እንቁላል የሚፈለፈለውን ትል ከማየት ነው። በዓሣ ሆድና በዓሣ ሥጋ ውስጥ የሚገኘው ጥገኛ ትል ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ዓሣው በሕይወት ሳለ፣ በሐይቁም ሲዋኝ ሳለ በውስጡ የነበረ ነው እንጂ ከሞተ በኋላ የመጣበት አይደለም። ዛሬ ማለዳ ተይዞ ዛሬ በቀትር በተጠበሰው ዓሣ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ሦስት ቀን ሰንብቶ በሸተተውም ውስጥ ላይገኝ ይችላል። እንግዲህ በሰሐን ላይ ትል ታየ ማለት ዓሣው የበሰበሰ ነበረ ማለት አይደለም፤ ምግብ ቤቱ ቆሻሻ ነው ለማለትም ይህ ብቻውን አያስደፍርም። ፈራጁ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ትል ነበረበትን?» የሚለው ሳይሆን «እሳት ደርሶታልን?» የሚለው ነው።

ትሉ ወደ ዓሣው የሚገባበት መንገድ ለሚያስተውለው ሰው የሚያስደንቅ ነው። በስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆቻችን፣ ከዝዋይ ወይም ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው ከምንቃሩ በታች ከረጢት ያለውን ፔሊካን የሚባለውን ትልቅ ወፍ፣ ወደ ውሃው ጠልቆ ዓሣ ይዞ የሚወጣውንም ጥቁር ወፍ ያያል። ሊቃውንት ኮንትራሴከም ብለው የሚጠሩት ድቡልቡል ረዥም ትል አድጎ የሚወልደው በእነዚህ ዓሣ በል ወፎች ሆድ ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከወፉ ኩስ ጋር ወደ ውሃ ይወርዳል፤ ከዚያ የወጣውን ጫጩት ትል ዐይን በጭንቅ የሚያያት አንዲት የውሃ ነፍሳት ትውጠዋለች፤ እርስዋን ደግሞ ዓሣ ይበላታል። በዓሣው ውስጥ ትሉ ያድጋል እንጂ አይወልድም፤ ተጠቅልሎ ወፍ እስኪመጣለት ድረስ ይጠብቃል። ወፉ ዓሣውን ሲበላ ዙሩ ይፈጸማል፤ ደግሞም ይጀመራል።

ይህ ትል በቆሮሶ ዓሣ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በልቡ ዙሪያ ባለው ስስ ከረጢት ውስጥ ነው፤ በአምባዛ ደግሞ በሆድ ዕቃው መካከል ነው። አንዳንዱ ብዙ ሳንቲሜትር ርዝመት ስላለው ያለ መነጽር ይታያል። ልብ ይበሉ፤ ሁለቱም ስፍራዎች ዓሣውን የሚያጸዳው ሰው አውጥቶ የሚጥላቸው ናቸው። ስለዚህ በሚገባ ከተጸዳ ዓሣ ላይ ይህ ትል በሰሐን የሚታይበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የታየም እንደ ሆነ በአብዛኛው የሚመሰክረው ስለ አጽጂው ቸልተኝነት ነው። ክሊኖስቶመም የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን ወደ ጉንጩና ወደ ሥጋው ዘልቆ ይገባል፤ እርሱ እንደ ክር ረዥም ሳይሆን አጭርና ጠፍጣፋ፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ የሚያደላ ስለ ሆነ ከሥጋው መካከል እንደ እህል ቅንጣት ጎልቶ ይታያል። የእርሱ ዙር ደግሞ በቀንድ አውጣና በሽመላ ወገን ወፎች በኩል ነው። በጣና ሐይቅ በሚኖሩ ትንንሽ የባርባስ ወገን ዓሦች ሆድ ውስጥ ሊጉላ የሚባል ነጭ ጥብጣብ የመሰለ ትል ይገኛል፤ ያየው ሰው ዓሣው ጨርቅ የዋጠ ይመስለዋል።

ጅማት ነው ወይስ ትል ነው ለሚለው ክርክር የሚበቃ ፈተና ቀላል ነው። ጅማትና የደም ሥር በሁለት ጫፋቸው ከሥጋው ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ሲጎተቱ ሥጋ ይዘው ይመጣሉ። ትል ግን በመርፌ ጫፍ ሲነሣ ብቻውን ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም እንደ ሰዓት ጥምዝ ሽቦ ተጠቅልሎ ይገኛል።

አሁን ስለ ጉዳቱ እንናገር። ያገራችን ሰው ስለዚህ ነገር ከሌላው አገር ሰው ይልቅ ቶሎ ሊያስተውል ይገባዋል፤ ጥሬ የበሬ ሥጋ ሲበላ የኮሶ ትል ሊይዘው እንደሚችል፣ ወጥ ሆኖ ከበሰለው ሥጋ ግን ኮሶ እንደማይዝ ከአባቶቹ ጀምሮ ያውቃልና። የኮሶ ዛፍ አበባ መድኃኒትነቱ በአገሩ ሁሉ የታወቀው በዚሁ ምክንያት ነው። የዓሣም ነገር በዚሁ ሕግ ይሄዳል፤ ልዩነቱ በዓሣ ውስጥ የሚገኘው የትል ዓይነት ብዙ መሆኑ፣ እያንዳንዱም የራሱ ማደሪያ ያለው መሆኑ ነው። የወፍ ትል የሆነው ወደ ሰው ሆድ ቢገባ መንገዱን የሳተ እንግዳ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወጣል። በሐይቆቻችን ካሉት ከላይ ከጠቀስናቸው ትሎች በሰው ላይ የደረሰ ሕመም የተመዘገበው እምብዛም ነው። ክሊኖስቶመም ግን በጃፓንና በኮሪያ ጥሬ የወንዝ ዓሣ በበሉ ሰዎች ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ እንዳሳበጠው በሐኪሞች ተጽፏል።

ስለ ውጭ አገር ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በሌላ አገር የዓሣ ትል ምን እንዳደረሰ ማወቅ ነገሩን ንቀን እንዳንተው ይረዳናል። በፊንላንድና በባልቲክ ባሕር ዙሪያ እስከ 10 ሜትር የሚረዝም የዓሣ ኮሶ ነበረ፤ በሰው አንጀት ተቀምጦ ደም ለመሥራት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ቢ 12 ስለሚሻማ አንዳንዱን በሽተኛ ደም አሳጥቶት ይኖር ነበር። በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ በተለይም በኮን ኬን አውራጃ፣ ሕዝቡ ኮይ ፕላ የሚባል ከጥሬ ዓሣ የተከተፈ ምግብ ይወዳል፤ በዚያ ዓሣ ውስጥ ያለው ኦፒስቶርኪስ የሚባል ትንሽ ትል በጉበት ውስጥ በሐሞት ቧንቧዎች ገብቶ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ከዘመናት በኋላም ነቀርሳ ያመጣል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የነቀርሳ ምርምር መሥሪያ ቤት በ1994 ይህን ትል ነቀርሳ አምጪ መሆኑ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች መካከል ቈጥሮታል። በግብፅም፣ ዓባያችን ወደ ባሕር በሚገባበት ስፍራ፣ ሄትሮፊስ የሚባል ደቂቅ ትል አለ፤ ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 በካይሮ ያገኘው ነው። ሕዝቡ በጨው አቆይቶ ፈሲኽ ብሎ በሚበላው ዓሣ በኩል ወደ ሰው ይገባል። ወደ እኛ የአየር ጠባይ በሚቀርበው በቦትስዋና አገር በኦካቫንጎ ወንዝ ደለል ጥሬ የወንዝ ዓሣ የበሉ ጎብኝዎች ደግሞ ግናቶስቶማ በሚባል ከቆዳ በታች እየተጓዘ በሚያሳብጥ ትል መያዛቸውን ሐኪሞች በ2009 አስታውቀዋል።

አንባቢው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ በእነዚህ ታሪኮች ሁሉ ውስጥ በሚገባ የበሰለ ዓሣ አልተከሰሰም። የተከሰሰው ጥሬው፣ ገና ለብ ያለው፣ በጥቂት ጨው የተነከረው፣ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ «በሰለ» የተባለው ነው።

እሳት የዓሣን ትል የሚገድለው ብዙዎች ከሚያስቡት ባነሰ ሙቀት ነው። በሥጋው መካከል ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ አንድ ደቂቃ ከቆየ በአውሮፓ ሕግ ዘንድ ትሉ እንደ ሞተ ይቈጠራል፤ አሜሪካኖች ደግሞ ለምግብ ቤቶቻቸው 63 ዲግሪ ይላሉ። በደጋ አገር ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች መሆኑ የታወቀ ነው፤ በአዲስ አበባ ወደ 92 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ ይህም ቢሆን ከሚያስፈልገው እጅግ የሚበልጥ ስለ ሆነ በሚገባ የፈላ የዓሣ ሾርባና ወጥ አያሠጋም። ሥጋት ያለው በጥብሱ ላይ ነው። ወፍራም ቆሮሶ ሙሉውን እጅግ በጋለ ዘይት ውስጥ ሲጣል ቆዳው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቀላና የበሰለ ይመስላል፤ የጀርባው አጥንት አጠገብ ያለው ሥጋ ግን ገና አልሞቀም። ከበረዶ ወጥቶ ሳይቀልጥ ወደ ዘይት የሚገባውማ ከዚህ የባሰ ነው፤ ውጪው አርሮ ውስጡ እንደ ቀዘቀዘ ይቀርባል። ጎኑን በቢላዋ በሦስትና በአራት ስፍራ እስከ አጥንት ድረስ መሰንጠቅ የብዙ ወጥ ቤቶቻችን ልማድ ነው፤ ልማዱ ለመልክና ለቅመም የተጀመረ ቢመስልም ሙቀቱ እንዲገባ ስለሚያደርግ ሊጠበቅ የሚገባው ነው። የበሰለ ዓሣ ሥጋው ብርሃን የማያስተላልፍ ነጭ ይሆናል፤ በሹካ ሲነካ በየቅጠሉ ይላቀቃል፤ ከአጥንቱም ያለ ትግል ይለያል፤ በአጥንቱ ላይ ያለው ደም ቡናማ እንጂ ቀይ አይሆንም። ይህን ለማየት ቴርሞሜትር አያስፈልግም።

በአንዳንድ ምግብ ቤት ደግሞ የክትፎን ልማድ ወደ ዓሣ አምጥተው ለብ ለብ የሚያቀርቡ አሉ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ጥሬ ሥጋውን በአዋዜ እያጠቀሱ መብላት የታወቀ ነው፤ ከሩቅ የሚመጣው እንግዳም ይህን ሳይቀምስ መመለስን እንደ ነውር ይቈጥረዋል። እኛ ማንንም ከሚወደው ምግብ በግድ ለመለየት አንጽፍም፤ ሆኖም በርበሬ ትልን እንደማይገድል መታወቅ አለበት። ሎሚም አይገድልም፤ ሎሚ የዓሣውን ሥጋ ነጭ ስለሚያደርገው የበሰለ ያስመስለዋል እንጂ በውስጡ ላለው ትል እንደ መታጠቢያ ነው። በእስፓንያ በኮምጣጤ የተነከሩ ትንንሽ የባሕር ዓሦች፣ በፔሩም በሎሚ የተነከረው ሰቪቼ የሚባለው ምግብ ሰዎችን በትል ማስያዛቸው የተመሰከረ ነው። ከዓሣው ጋር የሚጠጣው አረቄም ቢሆን ምንም አያደርግለትም። ይህን የምንለው አረቄ ሁሉን ያነጻል የሚል ክርክር በየጠረጴዛው ስለማይጠፋ ነው።

ጥሬ ዓሣ ለሚወዱት ሰዎች ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም ብርድ ነው። የአውሮፓ ሕግ ጥሬውን ወይም እሳት ሳይገባው የሚበላውን ዓሣ መካከሉ ሳይቀር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ደርሶ ከ24 ሰዓት የማያንስ ጊዜ፣ ወይም ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ደርሶ ከ15 ሰዓት የማያንስ ጊዜ እንዲቆይ ያዝዛል። አሜሪካኖች ደግሞ በ20 ዲግሪው 7 ቀን ይጠይቃሉ። ነገር ግን በአብዛኛው ምግብ ቤት ያለው ማቀዝቀዣ ይህን ያህል አይበርድም፤ በሩም በየጊዜው ይከፈታል፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉም ይቋረጣል። በበረዶ መካከል የተቀመጠ ዓሣ ደግሞ ቀዘቀዘ እንጂ አልረጋም፤ ትሉ በዚያ ውስጥ ቀን ከሌሊት በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ «ከማቀዝቀዣ የወጣ ነው» የሚለው ቃል በሹም ፊት እንደ ምስክር ሊቈጠር አይገባም።

ለነገሩ ሁሉ አንድ የተለየ ነገር አለ፤ እሱን ሳይጠቅሱ ማለፍ ቅንነት አይሆንም። በባሕር ዓሣ ውስጥ አኒሳኪስ የሚባል ትል አለ፤ በዚህ ትል ምክንያት ሰውነታቸው የሚቈጣባቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ቆዳቸው ያሳክካል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ትሉ ከያዛቸው ነገሮች አንዳንዶቹ ሙቀት የሚችሉ በመሆናቸው ለእነዚህ ሰዎች የበሰለውም ቢሆን ሁልጊዜ አይስማማቸውም። ይህ የባሕር ትል በሐይቆቻችን ዓሣ ውስጥ ባይሆንም ከውጭ አገር ረግቶ በሚመጣው የባሕር ዓሣ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ሁለት መንግሥታት ስለዚሁ ነገር ያደረጉትን ማወዳደር ለአስተዳዳሪ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በሆላንድ ሕዝቡ በጥቂት ጨው ብቻ የተነከረ ሄሪንግ የሚባል ዓሣ መብላት ይወዳል። ቫን ቲል የሚባል ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በ1960 በብርቱ የሆድ ቁርጠት የተያዙ ሰዎችን መርምሮ በአንጀታቸው ግድግዳ ተሰክቶ የተገኘው ይኸው የዓሣ ትል መሆኑን አስታወቀ። ምክንያቱ ሲፈለግ የአጥማጆቹ ልማድ መለወጡ ተደረሰበት፤ ቀድሞ ዓሣውን እንደ ያዙ ወዲያው በመርከብ ላይ ሆዱን ያወጡ ነበር፤ በኋላ ግን ሆዱ ሳይወጣ በበረዶ አድርገው ወደ ወደብ ማምጣት ጀመሩ፤ በዚህ መካከል ትሉ ከአንጀት ወደ ሥጋ ተዛወረ። መንግሥቱ በ1968 ሄሪንግ ሁሉ ከመሸጡ በፊት በብርድ እንዲረጋ አዘዘ፤ ሕመሙም ከአገሩ ሊጠፋ ምንም ያህል አልቀረውም። ሄሪንግ መብላቱ ግን አልተከለከለም፤ ሆላንዳውያን ዛሬም ይበሉታል።

በምዕራብ ጀርመን የሆነው ሌላ ነው። በሐምሌ ወር 1987 በቴሌቪዥን አንድ ዝግጅት በዓሣ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ትሎችን ለሕዝቡ አሳየ። ትሎቹ ከዚያ ቀን በፊትም የነበሩ ናቸው፤ ሊቃውንቱም ያውቋቸው ነበር፤ ለሕዝቡ ግን ማንም አስቀድሞ የነገረው አልነበረም። ወዲያውኑ የዓሣ ንግድ ወደቀ፤ ሸማቹ ትል ያለበትንም የሌለበትንም፣ ጥሬውንም የበሰለውንም ሳይለይ ተወው። መንግሥቱ በ1988 ስለ ዓሣ ንጽሕና ደንብ አወጣ፤ ደንቡ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን አጥማጁና ነጋዴው ከከሠሩ በኋላ የመጣ ነው። ከሁለቱ ታሪክ ለእኛ የሚቀርበው የሚያሳዝነው የኋለኛው ነው፤ በአንድ ከተማ በአንድ ሰሐን ላይ የታየ ትል በስልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በአንድ ቀን አገሩን ሊያዳርስ ይችላልና። በዚያ ቀን «እውነት ነው፣ ትል ነው፤ የበሰለ ስለ ሆነ አይዝም፤ አጽጂው ግን ይጠየቅበታል» ብሎ ሳይደናገጥ የሚናገር ሹም ያስፈልጋል። እስፓንያ በ2006 ባወጣችው ደንብ ጥሬ ወይም ለጥሬ የቀረበ የባሕር ዓሣ የሚያቀርብ ምግብ ቤት ሁሉ አስቀድሞ ማርጋቱን ለእንግዶቹ እንዲያስታውቅ አዘዘች፤ እንግዳው አውቆ ይበላል፣ ባለቤቱም ያልሠራውን ሠራሁ ለማለት ይፈራል።

ባገራችን በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል። አዋጅ ግን ቢላዋ አያጥብም፤ ሥራው የሚሠራው በየሐይቁ ዳር ነው። ስለዚህ የወረዳ ሹም ምርመራውን ከምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ሳይሆን ጀልባው ከሚቆምበት ስፍራ ቢጀምር ይሻላል። ዓሣው ከመረቡ እንደ ወጣ በጥላ ሆኖ ወዲያው ሆዱ ይውጣ፤ በቆሮሶም ከጉንጩ ጋር የልቡ ከረጢት አብሮ ይነሣ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በበረዶ ይጫን። ከጫሞ ሐይቅ እስከ አዲስ አበባ በመኪና የሚጓዘው ዓሣ ሳይጸዳ የሄደ እንደ ሆነ ትሉም መንገደኛ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር የሆድ ዕቃው ወዴት ይጣላል የሚለው ነው፤ በእውነት ከሁሉ የተናቀው ይህ ነው። በብዙ ስፍራ አንጀቱ በሐይቁ ዳር ይጣላል፤ አባ ኮዳና ፔሊካን ተሰልፈው ይበሉታል፤ ጎብኚውም ይህን አይቶ ይደሰታል። ከላይ የተጻፈውን የትሉን ዙር ያስተዋለ ሰው ግን ይህ ትሉን በገዛ እጅ ለወፉ አጉርሶ ወደ ሐይቁ መመለስ መሆኑን ይረዳል። ወፎቹ ከሐይቁ ራሳቸው እያጠመዱ ስለሚኖሩ ትሉን ፈጽሞ ለማጥፋት አይቻልም፤ ነገር ግን እኛ ልንጨምርበት አይገባም። ለውሻና ለድመትም ጥሬውን መስጠት አይገባም፤ ሰውን ከሚጎዱት የዓሣ ትሎች ብዙዎቹ በውሻና በድመት ሆድ ይራባሉ። በሐይቅ ዳር ቦታ ያለው ሰው ይህን ዕቃ በጥልቅ ጉድጓድ ቢቀብረው፣ ይልቁንም በሚገባ ቀቅሎና አድርቆ ለዶሮ መኖ ቢያደርገው ሁለት ጥቅም ያገኛል፤ ዶሮ አርቢ ሁሉ የዓሣ ዱቄት ለእንቁላል ጣይ ዶሮ የሚሰጠውን ኃይል ያውቃል።

በምግብ ቤቱ ውስጥ ከምድጃው ይልቅ መክተፊያውን መመልከት ይበጃል። ዓሣ በሚጸዳበት ጣውላና ቢላዋ ሰላጣና ቲማቲም ይቈረጣል፤ ዓሣው ወደ እሳት ሲሄድ ሰላጣው ጥሬውን ወደ እንግዳው ይሄዳል። በዚህ መንገድ የሚተላለፈው ትሉ ብቻ አይደለም፤ ተቅማጥ የሚያመጡት ደቂቅ ተሐዋስያን ከእርሱ ይልቅ የበረቱ ናቸው፤ ዓሣ በበላ ማግሥት የታመመው ሰውም ብዙ ጊዜ ትሉን የሚከስሰው በስሕተት ነው። ለዓሣው የተለየ ቢላዋና የተለየ ጣውላ ማድረግ ወጪው ትንሽ ነው። ፊሌቶ የሚሠራው ሰው ደግሞ ስሱን ሥጋ በመስኮት ብርሃን ፊት ከፍ አድርጎ ቢያየው ጥቁር ጥላ የሆነው ትል ይታየዋል፤ በቢላዋ ጫፍ ያወጣዋል። የሆድ ግድግዳ የሆነውን ስስ ጠርዝም ቈርጦ ቢጥለው ኪሳራው ኢምንት ነው።

እንግዲህ ወደ አቤቱታው ስንመለስ፣ ሹሙ ተመጋቢውንና ባለቤቱን ከመስማቱ በፊት የቀረውን ዓሣ ያስመጣ። አጥንቱ አጠገብ ያለው ሥጋ ነጭ ከሆነ፣ ደሙም ከጠቈረ ዓሣው በስሏል፤ ባለቤቱ ስለ ማጽዳቱ ይገሠጽ፣ ሒሳቡንም ለእንግዳው ይመልስ እንጂ ቤቱ አይዘጋ። ሥጋው የሚያብለጨልጭና ከአጥንቱ አልላቀቅ የሚል ከሆነ ግን ጥፋቱ ከባድ ነው። ትሉን ጥቂት ጨው ባለበት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ መመልከትም ይቻላል፤ የተንቀሳቀሰ እንደ ሆነ እሳት እንዳልደረሰው ራሱ መሰከረ፤ ያን ቀን የተጠበሰው ሁሉ ወደ ምድጃው ይመለስ። ያልተንቀሳቀሰ ትል ግን ለብቻው የመብሰል ማስረጃ ስለማይሆን ሥጋውን መመርመር አይቀርም።

የበሰለ ትል የዋጠ ሰው መድኃኒት አያስፈልገውም፤ በድንጋጤ ኮሶ የሚጠጣም ቢኖር ይከልከል፤ ኮሶ ኃይለኛ መድኃኒት ነው፣ ያለ ምክንያትም አይጠጣም። ጥሬ ወይም ለብ ያለ ዓሣ በልቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርቱ ቁርጠትና ማስመለስ የያዘው፣ ወይም ቆዳው ያበጠው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ፤ የበላውንም ይናገር፤ ሐኪሙ ካልተነገረው ዓሣን ሊጠረጥር አይችልም።

ይህ ሁሉ ምርመራ ከሁዳዴ በፊት ቢደረግ መልካም ነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር የሊቃውንቱ ነው፤ ገበያው ግን በዚያ ወራት ፈላጊ እንደሚበዛበት የታወቀ ነው፤ ፈላጊ ሲበዛ አጽጂው ይቸኩላል፣ ጠባሹም ይቸኩላል። ዓይነቱ ያልታወቀ ትል የተገኘ እንደ ሆነ በትንሽ ጠርሙስ ንጹሕ አልኮል ውስጥ ይደረግና ክዳኑ በሚገባ ይታሠር፤ በወረቀት ላይ ዓሣው የተያዘበት ሐይቅ፣ የዓሣው ዓይነት፣ ትሉ ከየትኛው የሰውነቱ ክፍል እንደ ወጣና ቀኑ በእርሳስ ይጻፍ፤ ቀለም በአልኮል ይጠፋልና። ከዚያም ጠርሙሱ በቅርብ ወዳለው የእንስሳት ሐኪም ይላክ።